ቱሉ ዲምቱ ያለው "አይዋ ቤት"፦ ፉሉ ደህና ነው፣ ክርክሩ ግን አይጠገብም

ስለዚህ ቤት ሪቪው ልጽፍ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት፣ ስለ ፉል ልጽፍ እነሳና ሳላውቀው ስለ አሜሪካ ምርጫ እገባለሁ። ዛሬ ሁለቱንም አንድ ላይ ጽፌው ልገላገል በቃ። አንድ ነገር ግን ከፊቱ ልናዘዝ፣ ይሄ ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ አልነበረም። የመጀመሪያው ከብሎካችን ጀርባ የነበረው ፉል ቤት ነበር፣ ሰውዬው ኪራይ ሲጨመርበት ዘግቶ ሄደ። ሁለተኛው አስፋልቱ ዳር የነበረው ነው፣ እሱም ወደ ሞባይል ሱቅ ተቀየረ። እዚህ የገባሁት ሌላው ሁሉ ሲያልቅብኝ ነው፣ ይቺን ያዙልኝ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቤቱ ሰሌዳ የለውም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ካሉት ሱቆች አንዱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አደባባይ ጋ ውረዱና ባጃጅ ያዙ፣ "አይዋ ቤት" ካላችሁት ያደርሳችኋል። ከመገናኛ ራይድ ጠርታችሁ እንዳትመጡ፣ ትራንስፖርቱ ከቁርሱ ይበልጥባችኋል። ባለቤቱን ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው፣ ዲሲ አካባቢ ከ20 አመት በላይ ታክሲ ነድቶ የተመለሰ ሰው ነው፣ እና እንደሌላው ዲያስፖራ ስለ ቤት ዋጋ ሳይሆን የሚያወራው ስለ ፕራይመሪ ነው፣ የአሜሪካ ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ዕጩ ስለሚመርጡበት ምርጫ ማለት ነው። ሰው ለፓርቲ ዕጩነት እንዴት እንደሚወዳደር፣ ማን ለምን እንደወጣ፣ ዴሌጌት (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡት የግዛቶቹ ተወካዮች) እንዴት እንደሚቆጠር፣ እንደ ኳስ ነው የሚተነትንላችሁ፣ ታክሲ ውስጥ ቀን ከሌት ሬዲዮ መስማት ያመጣው ጣጣ ነው ይላል እራሱ።

ግድግዳው ላይ በማርከር የተጻፈ አንድ ህግ አለ፦ "የሀገር ውስጥ ፖለቲካ ቤታችሁ"። መጀመሪያ ሳየው ፈገግ አልኩ፣ ኋላ ግን ገባኝ። አራት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስለ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት ፕራይመሪ ጉሮሮው እስኪደርቅ ቢከራከር ማንም ተቀይሞ አይሄድም፣ ማንም የማን ወገን ነህ አይባልም፣ የአሜሪካኑን ሴናተር በርኒ ሳንደርስን ብትሰድበው ማንም ጎረቤት አይከፋም። ትንሽ ያሳዝናልም፣ ግን ቡናዬን በሰላም ጠጥቼ ስለምወጣ ቅር አይለኝም።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ነሐሴ 18 ቀን 2015 ነው፣ ፍልሰታ ከተፈታ ገና ሁለት ቀኑ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰፈሩ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የፋብሪካ ሰርቪስ ልይዝ ለሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ስወጣ ይሄ ሱቅ ብቻ መብራቱ በርቷል። ስገባ ሹፌሮች፣ ጥበቃዎች፣ ሁለት ሶስት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቲቪው ላይ አፍጥጠዋል፣ ኳስ መስሎኝ "ማን ከማን ነው" ስል ሁሉም ሳቁብኝ። የሪፐብሊካኖቹ የመጀመሪያ ክርክር ነበር፣ ሚልዋኪ፣ እነሱ ጋ ገና የ23 ኦገስት 2023 ምሽት ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት 8። መድረኩ ላይ ስምንት ሰው ቆሟል፣ ዴሳንቲስ፣ ራማስዋሚ፣ ኒኪ ሄሊ፣ ማይክ ፔንስ፣ ክሪስ ክሪስቲ፣ ቲም ስኮት፣ ኸቺንሰን፣ እና በርገም የሚባል የኖርዝ ዳኮታ አገረ ገዥ። ትራምፕ የለም። "ዋናው የታለ?" አልኩ። ጋሼ ሻይ እየቀዳ "ዋናውማ ተኝቷል፣ እየመራ ያለ ሰው ምን ሊሰራ ይመጣል" አለኝ፣ እውነትም ትራምፕ በዛ ዙር አንድም የፓርቲው ክርክር ላይ ሳይቆም ነው ዕጩ የሆነው።

ስለ በርገም የነገረኝ ግን እስካሁን ያስቀኛል። መድረኩ ላይ ለመውጣት ቢያንስ 40,000 ገንዘብ ያዋጣልህ ሰው ያስፈልግሃል ተባለ፣ ሰውዬው ሀብታም ነው ግን አይታወቅም፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ 1 ዶላር ላዋጣ ሰው የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ እመልሳለሁ አለ። እና ቆመ አይደል መድረኩ ላይ፣ ያውም እግሩ ተጎድቶ። ይሄን የማነሳው በምክንያት ነው፣ ባለፈው ጋሼ ሪቪው ልጽፍ እንደሆነ ሲሰማ "አምስት ኮከብ ካደረግሽው የሳምንት ቡና በነጻ" አለኝ፣ እኔም "ጋሼ በርገም እንዳይሆኑ" ብዬ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ በገዛ ብሬ የበላሁት ነው።

ወደ ምግቡ። ኖርማል ፉል 120 ብር፣ ስፔሻል በእንቁላልና በአቮካዶ 160፣ ጨጨብሳ 150፣ ፈጢራ 170፣ ቂንጬ 100፣ ሻይ 20፣ ቡና 30። ለዳር ሰፈር ርካሽ አይደለም ግን መሀል ከተማ ከምትከፍሉት ይሻላል። ፉሉ በደንብ የፈላ ነው፣ ቃሪያው በዛ ይላል፣ ዳቦው ትኩስ የሚሆነው ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ከደረሳችሁ ብቻ ነው ከዛ በኋላ የትናንቱ ይመጣል አትሸወዱ። ጨጨብሳው የቤቱ አንደኛ ነው፣ ቂጣው በእጅ የተቆራረሰ፣ ቅቤው ሽታው በሩ ላይ የሚቀበላችሁ፣ ማሩን ለብቻ በትንሽ ስኒ ያመጡታል። ፈጢራው ግን ይቅርባችሁ፣ ዘይት ነው፣ ናፕኪን ላይ አስቀምጣችሁት ብታነሱት ናፕኪኑ ፈጢራ ይሆናል። ቂንጬው ምንም አይልም፣ ደህና ነው።

አስተናጋጁ ልጅ ጨዋ ነው ግን ሶስት ነገር ካዘዛችሁት ሶስተኛው ይጠፋዋል። ሁሌ። ፉል፣ ሻይ፣ እርጎ ብላችሁት ፉልና ሻይ ይዞ ይመጣና ቆሞ ያስባል። ስሙን "ሪክ ፔሪ" ብለውታል፣ ለምን እንደሆነ ያልገባችሁ ካላችሁ፣ ሪክ ፔሪ የቴክሳስ አገረ ገዥ ነበር፣ በ2011 (በፈረንጁ ነው ሁሉም) ለሪፐብሊካን ዕጩነት ሲወዳደር ክርክር ላይ "ፕሬዚዳንት ስሆን ሶስት መስሪያ ቤት አጠፋለሁ" ብሎ ንግድ፣ ትምህርት አለና ሶስተኛው ድርቅ አለበት፣ ፈለገ ፈለገ መጨረሻ ላይ "ኡፕስ" ብሎ ተወው። የረሳው ኢነርጂን ነበር። ያ ሰው እንደገና ቀና አላለም፣ ከወራት በኋላ ከውድድሩ ወጣ፣ ግን ጉዱ የመጣው ኋላ ነው፣ በ2017 ትራምፕ የኢነርጂ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። እና የኛውም ልጅ እርጎ እየረሳ ስላስቸገረ ጋሼ ምን አደረገ፣ የፍሪጁን ቁልፍ ለሱ ሰጠው። ከዛ ወዲህ እርጎ አይረሳም፣ ሻዩን ነው የሚረሳው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ቅዳሜ። ቅዳሜ ጠዋት ልክ 3 ሰዓት ላይ በሩ ገርበብ ይላል፣ ከዛ በኋላ የመጣ ይበላል እንጂ አይመርጥም። ጋሼ ቤቱን አራት ማዕዘን ያደርገዋል፣ አንዱ ጥግ ፉል፣ አንዱ ጨጨብሳ፣ አንዱ ፈጢራ፣ አንዱ ቂንጬ፣ ያሸነፈው ምግብ ሳምንቱን ሙሉ 10 ብር ይቀንሳል። ስሙ የመጣው ከዚህ ነው፣ አይዋ የምትባለው ግዛት ላይ ዴሞክራቶቹ ለአመታት ዕጩ ሲመርጡ የነበረው እንዲህ ነው፣ ወረቀት ሳጥን ውስጥ መክተት ሳይሆን በክረምት ብርድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰብስቦ የምትደግፈው ሰው ጥግ ሄዶ መቆም፣ ጎረቤትህ እያየህ፣ አለቃህ እያየህ። እና ከ15 ፐርሰንት በታች ሰው የቆመለት ዕጩ አለቀለት፣ ደጋፊዎቹ ወይ ወደ ሌላ ጥግ ይሄዳሉ ወይ ቤታቸው ይገባሉ።

ባለፈው የነበርኩበትን ልንገራችሁ። 26 ሰው ነበርን። ፉል 9፣ ጨጨብሳ 8፣ ቂንጬ 6፣ ፈጢራ 3። የ26 አስራ አምስት ፐርሰንቱ 3.9 ነው፣ ማለትም አራት ሰው ያስፈልጋል፣ ፈጢራ በአንድ ሰው ወደቀ። ሶስቱ የፈጢራ ሰዎች መሀል ላይ ቆመው ቀሩ፣ ከዛ ያለውን ግርግር ብታዩት፣ ፉሎች "ኑ እንቁላል እናስጨምርላችኋለን"፣ ጨጨብሳዎች "ዱቄት ለዱቄት ዘመዳሞች አይደለን እንዴ"፣ አንዱ የሲኖ ትራክ ሹፌር ፈጢራ ደጋፊ እንደ ሚስት ጠያቂ ሽማግሌ ተለመነ። እማማ ደግሞ (ቂንጬ ጥግ ላይ ወንበር ይዘው ነው የሚቀመጡት፣ መቆም አይችሉም) "እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፣ ኑ ብዬም አልለምንም፣ እውነቱን ያወቀ ይመጣል" ይላሉ፣ ተማሪዎቹ እማማ በርኒ ነው የሚሏቸው፣ ሳንደርስም በ2016 ዴሌጌቱ ካለቀለት በኋላ እንኳ ተፎካካሪውን ሂላሪ ክሊንተንን እደግፋለሁ ያለው ጁላይ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ሶስቱም ጨጨብሳ ጋ ሄዱ። 11 ለ9 ለ6። ስትመራ የነበረችው ፉል ተሸነፈች።

እዚህ ጋ አንዱ ተማሪ ተነሳ፣ "ጋሼ ይሄ ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው የወደደው ፉል ነው" አለ። ጋሼ የሚጠብቀው ይሄን ነበር መሰለኝ። "የሪፐብሊካን ህግ ቢሆን ልክ ነህ" አለው፣ በ2016 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ስድስት ሰው ሲወዳደር ትራምፕ ያገኘው 32 ተኩል ፐርሰንት ነው፣ ከሶስት ሰው አንዱ እንኳን አይሞላም፣ ግን 50ውንም ዴሌጌት ጠቅልሎ ወሰደ፣ ሩቢዮና ክሩዝ ሁለቱም 22 ምናምን አግኝተው ባዶ እጃቸውን። ሪፐብሊካኖቹ ግዛቱ ከፈለገ ያሸነፈ ሁሉን እንዲወስድ ይፈቅዳሉ፣ ዴሞክራቶቹ ግን 15 ፐርሰንት ላለፈ ሁሉ በድርሻው ያካፍላሉ። እኔ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ፉል በመጀመሪያው ዙር 9 ከ26፣ ያው ከሶስት አንድ በትንሹ በለጥ ያለ። ያው ሰዎች፣ ያው ቤት፣ ያው ጠዋት፣ ህጉን ብቻ ቀይሩት አሸናፊው ይቀየራል። ይሄን ነገር በዜና ስንት አመት ሰምቼዋለሁ፣ የገባኝ ግን ጨጨብሳ በ140 ብር ስበላ ነው።

ቡናው ለብቻው ይወራለት። የምታፈላው የጋሼ ባለቤት ናት፣ ቄጤማው፣ ዕጣኑ፣ ፈንዲሻው ሁሉ አለ፣ ሲኒው ንጹህ ነው፣ ቡናው ደግሞ ፊታችሁ ነው የሚቆላው። እና ጋሼ እዚህም አይተውም፣ በ2020 ዴሞክራቶቹ ቀድመው የመረጡባቸውን ግዛቶች በቡና ተራ ያስቀምጣቸዋል፣ አቦል አይዋ ናት፣ ቶና ኒው ሃምፕሻየር፣ በረካ ሳውዝ ካሮላይና። "ኔቫዳስ?" ሲሉት "ኔቫዳ ፈንዲሻው ነው" ይላል። የሱ ክርክር ምንድነው፣ አቦል ስለወፈረ ብቻ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ቡና አያውቅም ነው። በ2020 ባይደን አይዋ ላይ አራተኛ ወጣ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ፣ ሰዉ ሁሉ አበቃለት አለ፣ ከዛ ፌብሩዋሪ 29 ሳውዝ ካሮላይናን በሰፊው ወሰደ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ተፎካካሪዎቹ ቡቲጀጅና ክሎቡቻር ከውድድሩ ወጥተው ድጋፋቸውን ለሱ ሰጡ፣ ማርች 3 ሱፐር ቱዝደይ በሚሉት፣ ብዙ ግዛት በአንድ ላይ በሚመርጥበት ቀን፣ ከ14 ግዛት 10ሩን አሸነፈ። የማንም አንደኛ ምርጫ አይመስልም ነበር፣ ግን ሌላው ሲያልቅ ሰዉ የሄደው ወደሱ ነው። ሌላው ተፎካካሪ ቢሊየነሩ ብሉምበርግ ደግሞ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ያሸነፈው አሜሪካን ሳሞአ የሚባሉትን ትንንሽ ደሴቶች ብቻ ነው፣ ይሄን ሲያወራ ጋሼ ሁሌ ወደ ውጪ፣ አስፋልቱ ማዶ በስንት ሚሊዮን ዲኮር ተሰርቶ ሰው የማይገባበትን ካፌ ያያል፣ ስሙን አልጠራም።

እኔም ያልኳችሁ ይሄን ነው፣ እዚህ ቤት የገባሁት በሶስተኛ ምርጫነት ነው፣ የፈጢራ ሰው ነበርኩ ማለት ነው።

ፉሉ ግን ይቆያል ጋይስ። ቅዳሜ ከሆነ 40 ደቂቃ ጠብቁ። አንዴ "ጋሼ ፉሌ የት ደረሰ" ብለው በ1924 ኒውዮርክ ላይ ዴሞክራቶቹ ዕጩ ለመምረጥ 103 ጊዜ ድምጽ እንደሰጡ ነገረኝ፣ ሁለት ሳምንት ከፈጀ በኋላ ሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች ደክሟቸው ጆን ዴቪስ የሚባል ሰው ተመረጠ፣ ያውም ምርጫውን ተሸነፈ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ሆድ ግን አይሞላም። እማማ እዛው ሆነው "የኛ ዕድር እንኳ ዳኛ ለመምረጥ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል" አሉ፣ ከሱ ነው ወሬው ወደ ድሮው የሄደው። ድሮ ለካ አሜሪካም እንደ ዕድር ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ጓዳ ገብተው ተማክረው ይወጣሉ፣ በ1968 ሁበርት ሃምፍሬይ አንድም ፕራይመሪ ሳይወዳደር ነው ቺካጎ ላይ የዴሞክራት ዕጩ የሆነው፣ ውጪ ፖሊስና ተቃዋሚ ሲደባደብ። ከዛ ቅሌት በኋላ ነው ህጉን ለውጠው ከ1972 ጀምሮ ፕራይመሪና ኮከሱ (ያ የአይዋው ዓይነት ስብሰባ) ዋና የሆነው። "ካማላስ?" አለ አንዱ ሹፌር፣ እሷ በ2024 ባይደን ጁላይ 21 ሲወጣ በሁለት ሳምንት አካባቢ ዕጩ ሆነች፣ ዴሌጌቶቹ ናቸው ድምጽ የሰጡት። እዚህ ላይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ "ጓዳ ነው" ግማሹ "ጊዜ አልነበረም ምን ታድርግ"፣ ሰርቪሴ መጣ እኔ ወጣሁ፣ ማን እንደረታ አላውቅም።

አንዷ ተማሪ ደግሞ አንዴ "የኛ ፕሬዚዳንትስ ምን ፕራይመሪ አለው?" ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ህግ ልትጥስ ነበር። ጋሼ አሰበና ህገ መንግስት ፖለቲካ አይደለም ብሎ ፈቀደ፣ የኛው በተወካዮች ምክር ቤት ይጠቆማል፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሶስተኛ ድምጽ ይመርጡታል፣ ስድስት አመት ያገለግላል፣ ስልጣኑ ያለው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው፣ እሱን ደግሞ ምክር ቤቱ ይመርጠዋል። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። "በቃ፣ ወደ ኦሃዮ እንመለስ" አለ።

ቅሬታዎቼን ልጨርስ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ከብሎኩ ጀርባ፣ ቁልፉን ከሪክ ፔሪ ነው የምትጠይቁት እና ታውቃላችሁ ሶስተኛ ነገር ከሆነ ምን እንደሚሆን። ውሃ የሌለ ቀን በጀሪካን ነው። መብራት ሲጠፋ ቲቪው ይሞታል ጀነሬተር የለም፣ አንዴ የክርክር ቅጂ እያየን ልክ ዋናው ጥያቄ ላይ ጠፍቶ ጋሼ በባትሪ መብራት የዴሳንቲስንም የሄሊንም መልስ እራሱ ተወነልን፣ እውነት ለመናገር ከዋናው ይሻል ነበር። ቴሌብር ይቀበላሉ። ፓርኪንግ አለ ግን ጭቃ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ ቅዳሜን ተዉት፣ ጩኸቱ ከባድ ነው።

በኔ ግምት ለምግቡ ሶስት ኮከብ፣ ለቡናው አምስት፣ ለሽንት ቤቱ አንድ፣ ለጋሼ ስንት እንደምሰጥ አላውቅም። አሁን ወሬው ሁሉ ስለ 2028 ሆኗል፣ ትራምፕ በህጉ ሶስተኛ ጊዜ መመረጥ ስለማይችል ሁለቱም ፓርቲ ጋ ወንበሩ ክፍት ነው፣ ሹፌሮቹ ሪፐብሊካኑን ቫንስን፣ ተማሪዎቹ ዴሞክራቱን ኒውሰምን ይዘው ከአሁኑ ውርርድ ጀምረዋል፣ ጋሼ "አቦሉ ገና ሳይቀዳ" እያለ ይቆጣቸዋል።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እንቁላል ፍርፍር አምስተኛ ዕጩ ሆኖ ገብቷል። ፉሎች ተደስተዋል፣ ጨጨብሳን ይከፍልብናል ብለው፣ እማማ ግን ከቂንጬ ሰው ይወስዳል ብለው ከሐሙስ ጀምሮ ብሎክ ለብሎክ እየዞሩ ሰው እየቀሰቀሱ ነው፣ እኔንም ደረጃ ላይ ይዘውኛል። ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ በሩ ይዘጋል።